አቃቂ ቃሊቲ፦ አዲስ አበባ የምትፈስበት ዳርቻ

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባን ደቡባዊ ጫፍ የያዘ ክፍለ ከተማ ነው። በምዕራብ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ቦሌ ያዋስኑታል፤ የቀረው ጎኑ ከኦሮሚያ ጋር ይገናኛል። ከተማዋ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ስፋቱ 118 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከቦሌ ቀጥሎ ሰፊው ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ180 ሺህ በላይ ነዋሪ ተመዝግቦበታል። ከዚያ ወዲህ ግን በሜዳው ላይ ሺዎችን የሚይዙ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ስለበቀሉ ያን ቁጥር ይዞ ስለ ዛሬው አቃቂ ቃሊቲ መናገር አይቻልም።

ክፍለ ከተማው አንድ ወጥ ሰፈር አይደለም። ከሳሪስ አቦ ወዲያ የሚጀምረው ቃሊቲ የመጋዘን፣ የጉምሩክ፣ የመናኸሪያና የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ማረሚያ ቤቱም ስሙን በአገር አሳውቆታል። ወደ ደቡብ ሲወረድ አቃቂ በሰቃ ይመጣል። እሱ ወደ አዲስ አበባ ከመጠቃለሉ በፊት ራሱን የቻለ የባቡር ከተማ ስለነበር ዛሬም የራሱ ገበያ፣ የራሱ አውራ ጎዳናና የራሱ ነባር ቤተሰቦች አሉት። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ አሉ፤ ትናንት የጤፍና የሽምብራ ማሳ የነበሩ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራ ፋብሪካና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቆሙባቸው። በእነዚህ ሦስቱ መካከል የሚዘዋወር ሰው ሦስት የተለያየ ዕድሜ ያለው ከተማ ያያል።

ቁልቁለቱ

የአካባቢው ጠባይ ከመሬቱ አቀማመጥ ይጀምራል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው መሬት ደግሞ ከ2,100 ሜትር ብዙም አይርቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ሰላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ከተማዋ ላይ የዘነበው፣ የታጠበው፣ የተደፋውና ከፋብሪካ የወጣው ሁሉ ማንም ሳይገፋው ወደዚህ ይወርዳል።

ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ትንሹ አቃቂ በመነሻው የገፈርሳን ግድብ ይሞላል፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ትልቁ አቃቂ ደግሞ በላይኛው ተፋሰሱ የለገዳዲና የድሬ ግድቦችን ይዟል። ሁለቱም ንጹሕ ውሃቸውን ላይ ለከተማዋ ሰጥተው፣ በከተማዋ መሃል ሲያልፉ ቆሻሻዋን ተሸክመው፣ ከአቃቂ በስተደቡብ ምዕራብ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ።

አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የኃይል ማመንጫው 6.6 ሜጋ ዋት አቅም ነበረው፤ በአገሪቱ ከውሃ ኃይል በማመንጨት ቀዳሚው እሱ ነው። ደለል ሞልቶትና ማሽኑ አርጅቶ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል። ማመንጫው ቢታደስም ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ አልተለወጠም። ከከተማዋ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ስለሆነ አረሙ የሐይቁን ፊት ይሸፍነዋል፤ በእጅ ወይም በማሽን ተለቅሞ ቢወጣ እንኳ ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ ተመልሶ ይበቅላል።

ሐዲድ፣ ራዲዮ፣ ፋብሪካ

ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቀሪውን 23 ኪሎ ሜትር ጨርሶ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1909 ዓ.ም. ለገሃር ገባ። አቃቂ ከተማ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ሜዳማ መሬት፣ ወንዝና ሐዲድ አንድ ላይ የተገኙበት ከመዲናዋ የቅርቡ ቦታ እሷ ነበረች። በ1927 ዓ.ም. የአገሪቱ ራዲዮ ጣቢያም እዚሁ ተተከለ፤ ጣሊያን ከመውረሩ በፊት በነበሩት ወራት ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም ድምፃቸውን ያሰሙት ከአቃቂ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት በሐዲዱና በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ተሰለፉ። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የምግብና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች አቃቂን የወዛደር ከተማ አደረጓት። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከፊሎቹ ለግል ተሸጡ፣ ከፊሎቹ ተዘጉ። ዛሬ በአውራ ጎዳናው ዳር የሚታዩት ረጃጅም የድንጋይ አጥሮች፣ ጣሪያቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰደረ አዳራሾችና ባዶ የጥበቃ ማማዎች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። የጣሪያው ቅርጽ ለጌጥ አይደለም፤ በቀጥ ያለው ጎኑ በተገጠመው መስታወት የሽመና ማሽኑ ላይ የቀን ብርሃን እንዲገባ ነው።

አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ሲሆን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍሉ ሥራ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በአቃቂ በአንዳንድ ቦታ ሱቅ ተሠርቶበታል፤ በሌላ ቦታ የእግር መንገድ ሆኗል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይጠቀማል። እሱ ግን መሃል ከተማ አይገባም። በእንዶዴ በኩል አልፎ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ይደርስና ሰበታ ላይ ያበቃል። «ባቡር ጣቢያ» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ይህ ራስ ምታት ነው፤ አንዱ ወደ አሮጌው የአቃቂ ጣቢያ፣ ሌላው ወደ ቀላል ባቡሩ፣ ሦስተኛው ወደ ለቡ ይጠቁመዋል። የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ መለየት አለበት።

ንጹሑ ወደ ላይ፣ ቆሻሻው ወደ ታች

ስለ አቃቂ ቃሊቲ ብዙ የማይነገረውና ዋነኛው ነገር የውሃው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው በዚህ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ከስሩ ያለው በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ቀዳዳማና የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ስለሆነ ከሰሜኑ ከፍታ የሰረገውን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ ያስቀምጣል። ግድቦቹ ላይ ያለው ውሃ በስበት ወደ ከተማዋ ሲወርድ፣ የአቃቂው ግን በተቃራኒው ሽቅብ መገፋት አለበት። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያ ያወጣዋል፤ ከዚያ በማሳደጊያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ እየተገፋ ወደ ላይኞቹ ታንከሮች ይደርሳል።

ይህ ሁሉ በመብራት ላይ የቆመ ነው። ኃይል ለአንድ ሰዓት ሲቋረጥ የሚጠፋው የአንድ ሰዓት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ረጅሙ መስመር ባዶ ስለሚሆን መብራት ከመጣ በኋላ ቧንቧው እስኪሞላና አየሩ እስኪወጣ ሰዓታት ይፈጃል። ውሃ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው የሚያፏጨው፣ የመጀመሪያው ውሃም የደፈረሰ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሮቶ ያለው ቤት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ውሃ ወደ ታንከሩ ሳያስገባ ውጭ ቢለቀው ዝገቱና ደለሉ ታንከሩ ስር አይጠራቀምም።

የፍሳሹ ጉዞ ደግሞ ቁልቁል ነው። ዋናው የፍሳሽ መስመር ከመሃል ከተማ ተነስቶ ያለ ፓምፕ ወደ ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ይወርዳል። ጣቢያው ሲጀመር ፍሳሹን በሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ አስተኝቶ ለፀሐይና ለተሕዋስያን የሚተው ነበር፤ አቅሙም በቀን ወደ 7,600 ሜትር ኩብ ብቻ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተሠራው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ እዚያ ላይ ጨርቅ፣ ላስቲክና ዳይፐር ይቀራል። ቀጥሎ አሸዋው ይዘቅጣል። ከዚያ አየር በሌለው ጋን ከታች ወደ ላይ ሲፈስ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል፤ በመጨረሻም በጠጠር መሰል ማጣሪያ ላይ እየተንጠባጠበ አየር አግኝቶ ይዘቅጥና ወደ ወንዝ ይለቀቃል።

ጣቢያው ቢኖርም ወንዙ የሚሸተው ለምንድነው? ምክንያቱ ቀላል ነው። ከከተማዋ ቤቶች ከዋናው መስመር ጋር የተገናኙት ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኛው ነዋሪ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አለው፤ ሲሞላ በቦቴ ያስመጥጣል፤ አቅም ያጣው ወይም ግድ የሌለው ደግሞ በክረምት ሌሊት ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቀዋል። ከፋብሪካዎችም የራሳቸውን ማጣሪያ የማይጠቀሙ አሉ። በመስመሩ ላይ የሚደርሰው ብልሽትም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ማንሆል ተከፍቶ የሚጣልበት ደረቅ ቆሻሻ ነው። ሁለተኛው የጣሪያ አሸንዳን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ነው፤ ይህ የሆነ ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ማንሆሎች ከታችኛው ሰፈር ይገነፍላሉ። ላይ ያለው ጎረቤት ያጠፋውን ታች ያለው ይከፍላል።

በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ዓመቱን ሙሉ በመስኖ ይመረታል። ለገበያ ቅርብና ርካሽ ስለሆነ ወደ መሃል ከተማ ይገባል። ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ እዚህ አፈርና አትክልት ውስጥ ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል፤ ክሮሚየም በተለይ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በሆምጣጤ ወይም በጨው ማጠብ ቅጠል ላይ ያለውን ጀርምና ጭቃ ይቀንሳል፤ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል። ሥር ምጎ ወደ ውስጥ ያስገባውን ብረት ግን ሁለቱም አያወጡትም። ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ደግሞ ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ ብዙ ያከማቻሉ።

መረሬው

የአቃቂ ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው። ለጤፍ የታደለ አፈር ለቤት መሠረት ጠላት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በየዓመቱ በክረምትና በበጋ መካከል ቤቱን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ መልሶ ይጥለዋል። በዚህ የተነሳ በአካባቢው ባሉ አጥሮችና ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ላይ ከመስኮትና ከበር ጥግ የሚነሱ ሰያፍ ስንጥቆች ይታያሉ።

ቤት የሚሠራ ወይም የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት ይህ ነው። ጥቁሩ አፈር ጥልቀቱ በጉድጓድ ተፈትሾ፣ ጠንካራው ንጣፍ ቅርብ ከሆነ መሠረቱ እሱ ላይ ማረፍ አለበት። ሩቅ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያለው ጥቁር አፈር ተዝቆ በገረጋንቲ ይተካል። ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ይህን የሚዘሉ ተቋራጮች አሉ፤ ውጤቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው፦ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ፣ ከግድግዳ ርቆ የሚያፈስ አሸንዳ፣ የማያፈስ ቧንቧ፤ ባሕር ዛፍም ከቤት ጥግ ይራቅ። ስንጥቅን በጂፕሰም መድፈን ቀለሙን እንጂ መሠረቱን አያድንም። ገዢ ከሆኑ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ አፈሩ ደርቆ ስንጥቁ ሲሰፋ ይመልከቱ፤ በመስከረም አዲስ የተቀባ ግድግዳ ብዙ ይሸፍናል።

ኮንዶሚኒየሞቹና ድንበሩ

በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ አካባቢ የተሠሩት ሕንፃዎች በአብዛኛው የ20/80 ፕሮግራም (ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልበት) ሲሆኑ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ናቸው። የተለመደው ሕንፃ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፤ አሳንሰር የለውም። ለልብስ አጠባ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና በበዓል ለእርድ የሚያገለግል የጋራ ቤት በየአካባቢው አለ፤ ነዋሪው «ኮሙናል» ይለዋል። የውሃ ግፊቱ ደካማ በሆነበት ሰዓት ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ የላይኛው ፎቅ ተከራይ ምድር ቤት ላይ የጋራ ታንከርና ፓምፕ መኖሩን ማጣራት አለበት፤ ከሌለ ጄሪካን መሸከም የቀን ሥራው ይሆናል። ቁልፍ ከመንገድ፣ ከመብራትና ከፍሳሽ መስመር ቀድሞ የተሰጠባቸው ብዙ ቦታዎች ስለነበሩ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በጭቃና በጨለማ ዓመታት አሳልፈዋል።

እነዚህ መንደሮች የተሠሩት በባዶ መሬት አይደለም። የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱት ማሳ ነበር፤ የተከፈላቸውም ካሳ ከተማ ውስጥ አዲስ ኑሮ ለመጀመር የሚበቃ አልነበረም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፊ ተቃውሞ አስነስቶ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣም እንደገና ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ላይ ተስማምተዋል፤ ዛሬ ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለችው የኦሮሚያዋ ሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ነው።

ይህ ለፖለቲከኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ከአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሕንፃዎች በሁለት አስተዳደር ስር ሊሆኑ ስለሚችሉ መታወቂያ፣ የቤት ግብር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባና የካርታ ዝውውር የሚፈጸሙት በተለያየ ቢሮ ነው፤ የሥራ ቋንቋውም ይለያያል። ቤት የሚከራይ ወይም የሚገዛ ሰው የደላላን ቃል ከመቀበሉ በፊት ወረዳው ድረስ ሄዶ ቤቱ በየትኛው አስተዳደር መዝገብ ላይ እንዳለ ቢያይ ብዙ ወር ምልልስ ይተርፈዋል።

መጓጓዣውና አካባቢውን ማየት ለሚፈልግ

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰሜን–ደቡብ ቀላል ባቡር 16.9 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። አቃቂ አይደርስም፤ ይህን ሳያውቁ የሚሳፈሩ ብዙ ናቸው። ከቃሊቲ እስከ አቃቂ የሚቀረው በሚኒባስ ታክሲ ወይም በአውቶቡስ ነው። ለዚህና ለምሥራቅ–ምዕራቡ መስመር ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ስለቆሙ በሰዓቱ ይመጣል ብሎ ቀጠሮ መያዝ አያዋጣም። በጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ መሳፈር ትከሻ ይጠይቃል። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ይቀላል።

መንገዱ ሁለት ነው። አሮጌው አውራ ጎዳና በአቃቂ መሃል አልፎ ወደ ዱከም፣ ቢሾፍቱና ሞጆ ይወርዳል። የፍጥነት መንገዱ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳማ ይደርሳል፤ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተና በሁለቱም አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር ያለው ነው። መግቢያው ላይ ካርድ ይወሰዳል፣ መውጫው ላይ በርቀቱ ይከፈላል። ባጃጅ፣ እግረኛና እንስሳ አይገቡበትም። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣና ከባድ መኪኖች በተወሰኑ ሰዓታት መሃል ከተማ እንዳይገቡ ስለተከለከሉ በቃሊቲ ዳር ተሳቢዎች ተደርድረው ሰዓት ሲጠብቁ ይታያሉ። በእነሱ መካከል ድንገት የሚወጣ እግረኛን ሹፌር አያየውም፤ ማቋረጥ በድልድይ ወይም በመብራት ብቻ ይሁን።

አካባቢውን በአንድ ቀን ለማየት ከላይ ወደ ታች መውረድ ይሻላል። ከቃሊቲ ባቡር ማብቂያ ተነስቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉትን የድሮ ፋብሪካዎች እያዩ ወደ አቃቂ መሄድ፣ ገበያውንና አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ማየት፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ድልድይ መውረድ። ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቱሉ ዲምቱ መውጣት ይቻላል፤ ከኮረብታው ላይ ኮንዶሚኒየሙና ገና በግንባታ ያልተወሰደው የጤፍ ማሳ ጎን ለጎን ይታያሉ። ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በጥቅምት ማሳው ገና አረንጓዴ ነው፣ በኅዳር ቢጫ ይሆናል፣ አቧራውም ገና አልተነሳም። በሐምሌና በነሐሴ ከአስፋልት ከወጡ መረሬው ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ወንዝ ዳርም በድንገት ይሞላል፣ ምክንያቱም እዚህ ጠብታ ሳይወርድ እንጦጦ ላይ የዘነበው ዝናብ ቆይቶ ይደርሳል።

ፎቶ ማንሳት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማረሚያ ቤቶቹን፣ የጉምሩክ ግቢውን፣ የኃይል ማከፋፈያዎችንና የውሃ ጉድጓዶቹን ማንሳት ጠባቂ ያስጠራል፤ ካሜራ ከማውጣት በፊት ጥበቃውን መጠየቅ ይቀላል። የፍሳሽ ማጣሪያውን መጎብኘት የሚፈልጉ ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ ይዘው የከተማውን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አስቀድመው ካስፈቀዱ ሊገቡ ይችላሉ፤ ጫማው የተዘጋ ይሁን፣ ምሳም ከጉብኝቱ በኋላ ይበላ።